ከአክስትሽ ጎን የወረደው ውሃ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው ለሚስቴ የእህት ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ለሱም መልስ አልሰጠውም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጎረቤቴ ባለ ሱቋ «አምጡ፣ ላንብብልዎ» ብላ እጇን ዘርግታ ነበር፤ እኔም ዓይን አለኝ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ሳነበው ሰነበትኩ። አንዳንዱ ቃል ዞሬ ብመጣበትም እምቢ አለኝ፤ ዋናው ነገር ግን ገብቶኛል። ስልክ ልግዛልዎ ያልሽውን ተይው። በስልክ የተባለ እዚያው አየር ላይ ይቀራል፤ ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

የጠየቅሽኝ ይሄ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ረግረጉ በወጣትነቴ በሠራሁት ግድብ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ወደ መንገዱ፣ አንዱ ወደ ቤታችን። እያንዳንዱ የራሱ የውሃ መውጫ አለው፤ በየመውጫው ላይ ደግሞ እኔ የደረደርኳቸው ሳንቃዎች፣ ከላያቸውም ቁልፍ ያለው ክዳን አሉ። ሳንቃ ሲጨመር ውሃው ከፍ ይላል፣ ሲነሳ ይወርዳል። በመንገዱ በኩል አንድ ሳንቃ እንዳነሳና ውሃው ሲወርድ ምን እንደሚጠፋ፣ ምን እንደሚበቅል እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ። የቤታችን በኩል እንዳለ ይቆያል፤ ሁለቱን ታስተያያለሽ። መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ረግረጉን አድርቆ ጥቁሩን አፈር ለአበባ ማሰሮ እየቆረጠ ሊሸጠው አስቧል፤ አንቺ ደግሞ ውሃው ሲሄድ ምን አብሮ እንደሚሄድ በማስረጃ ልታሳዪያቸው ነው።

እሺ ብያለሁ። ግን በአንድ ነገር። የቤታችን በኩል የአክስትሽ ነው። መስኮቱን ስትከፍት የምታየው እሱን ነበር። አንቺንም ልጅ ሳለሽ እጅሽን ይዛ ሌባዋን ያሳየችሽ እዚያ ነው፤ ያቺን ቅጠሏ ላይ ጠል የመሰለ ሙጫ አንጠልጥላ ዝንብ የምትይዘዋን ትንሿን ቀይ። እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚጠጣው ትራስም እዚያ ነው፤ ራሱ ጥጥ የሚመስለው ሽማግሌም እዚያ ነው። ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። ዝናብ ታጠራቅምበት የነበረው ሳፋ ሳይቀር ከጣሪያው ጫፍ ሥር እንዳስቀመጠችው አለ፤ ከሞተች ወዲህ አላነሳሁትም። የሷን ጎን ማንም እንደማይነካ በእጅሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ እጀምራለሁ።

ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ

ኅዳር 17 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ለሚያጉረመርመው ጉልበትዎም ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል፤ መሥሪያ ክፍሌ መስኮት ስለሌለው ቀንና ማታውን የማውቀው በሰዓት ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከግድቡ ተንሸራትቼ የወደቅኩበት ቀን ትዝ አለኝ። እርስዎ በቀሚሴ ጎትተው አወጡኝ፤ አክስቴ ግን ቆንጥጣ የቀጣችው እኔን ሳይሆን እርስዎን ነበር። እስካሁን ያስቀኛል።

እንዳሉኝ በእጄ እጽፋለሁ፦ የአክስቴን ጎን ማንም አይነካውም። ውሃው ካለበት አይወርድም።

ከእርስዎ የምፈልገው እንዲህ ነው። በየጎኑ አንድ አንድ የእንጨት ክፈፍ ሠርተው መሬት ላይ ያጋድሙ። በየወሩ በክፈፉ ውስጥ የሚታየውን የዕፅዋት ዓይነት ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ስሙን የማያውቁትን በአሮጌ ጋዜጣ መሀል አድርገው ይላኩት። ከክፈፉ አጠገብ ዘንግ ይትከሉና የዛሬውን የውሃ ከፍታ በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ያ ጥቁር አፈር ከድሮ ድሮ ጀምሮ የሞተ ቅጠልና ሥር ተከማችቶ የሆነ ነው፤ ያልበሰበሰው ውሃው አየር ስለከለከለው ነው። ውሃው ሲወርድ አየር ይገባል፤ ያኔ የሚሆነውን የሚያየው የእርስዎ ዓይን ነው።

የላስቲክ ቦት ልኬያለሁ። ሰፋ ካለ ሁለት ካልሲ ያድርጉ።

የእርስዎው ልጅ

የካቲት 22 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

በሰላም ነሽ ወይ? ሥራሽስ? ቦቱ ደረሰኝ። ሦስት ካልሲ ነው የፈለገው፤ ሰው ሁሉ እግሬን አየ። ባለ ሱቋ ክፈፉ ላይ ተደፍቼ ስታየኝ «አያ፣ ሳሩን በሰልፍ አቁመው ስም እየጠሩ ነው አሉ፤ የቀረ ካለ ወላጅ ያምጣ ይበሉታል?» አለችኝ። እሷም ከጀርባዬ ቆማ ለመቁጠር ስትሞክር ቦዩ ውስጥ ገብታ ጫማዋ ቀረ። እስካሁን አልወጣም።

በመንገዱ በኩል ሳንቃውን አንስቻለሁ። ውሃው ከቀዩ ምልክት አንድ ስንዝር ወርዷል። ትራሱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ እንደ አሮጌ ወረቀት ነጣ። ድሮ እግር ይውጥ የነበረው መሬት አሁን ይሸከመኛል፤ ጠጋ ብለሽ ስታይው ተሰነጣጥቋል። ዘንጉ ረዝሞ ቢታየኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለካ እሱ አልረዘመም፣ አፈሩ ነው የወረደው።

አንድ ነገር ግን አስገርሞኛል፤ ደስ አይልሽም ይሆናል። በመንገዱ በኩል ዓይነቱ በዛ እንጂ አላነሰም። በፊትም ያ ጎን ድሃ ነበር፤ ሌባዋ አልነበረችበትም። አሁን እሾሁ መጣ፣ የግንብ ሥር ሳሩ መጣ፣ ከሱቁ ጀርባ የሚበቅለው ሁሉ መጣ። ብቆጥረው ይበልጣል፤ ባየው ግን የትም ያለ ነገር ነው። በአክስትሽ ጎን ሁሉም በቦታው ነው። ሌባዋ ትናንት ሁለት ዝንብ ይዛ አየኋት፤ አክስትሽ ብትኖር ጠርታ ታሳየኝ ነበር።

መልስሽ ዘገየ። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል ብያለሁ። ፎቶ ላኪልኝ፤ ያለኝ የትምህርት ቤቱ ነው። ሰው አግኝተሽ እንደሆነም ንገሪኝ፤ አልቆጣም።

አጎትሽ

ግንቦት 6 ቀን

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ።

የላኩልኝን ቁጥር ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አቅርቤ ነበር። አንዱ «ዓይነቱ ከጨመረማ ማድረቁ ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። የጨመረው የትም የሚበቅል፣ የሚጠፋው ግን ሌላ ቦታ የሌለ ነው ብዬ ባስረዳም የጠፋ ነገር አሳዪን አሉኝ። በመንገዱ በኩል ከመጀመሪያውም ብዙ የሚጠፋ አልነበረም።

ከእንግዲህ ለሥራው እንዲያመች በስም ሳይሆን በቁጥር ይጻፉልኝ። ሌባዋ ቁጥር አንድ፣ ትራሱ ቁጥር ሁለት፣ ሽማግሌው ቁጥር ሦስት ይሁኑ።

ረዳቴ በሰኔ ወደዚያ ይመጣል። ራሱ የሚመዘግብ መለኪያ ከሁለቱም መውጫዎች ላይ ይገጥማል። የክዳኖቹን ቁልፍ ይስጡት፤ እሱ ጋ ይቆይ። መለኪያው ስስ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ክዳኑን ባይከፍቱ ይሻላል።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

ልጅዎ

ጥቅምት 12 ቀን፣ በዓመቱ

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ? እኔ ብዙም አይደለሁም።

ረዳትሽ መጥቶ ሄዷል። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ባለ ጃኬቱ ነው የምለው፣ በዚያ ሙቀት አላወልቅም አለ። ጨዋ ነው። ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት፣ ቁልፉንም ሰጠሁት። ሥራውን ብቻውን ስለለመደው እንዳልቸገር ብሎ ከቤት እንድቀመጥ ለመነኝ፤ ተቀመጥኩ።

አሁን የምጽፍልሽ ጭንቅ ይዞኝ ነው። የአክስትሽ ጎን ውሃው እየወረደ ነው። ክረምቱ መልካም ነበር፤ ቦዩ ሞልቶ ሲፈስ አይቻለሁ። ግን ያ ጎን አይሞላም። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ትራሱ ከዳር ጀምሮ ነጣ፤ በመንገዱ በኩል እንዳየሁት ነው የሆነው። ሌባዋ ከክፈፉ ውስጥ ጠፍታ ከውጭ በኩል ብቻ ቀርታለች። በቁጥር ይጥሯቸው ያልሽኝን አላደርግም፤ ስም አላቸው።

ምናልባት ሳንቃዬ አርጅቶ ይሆናል፣ ምናልባት ግድቡ ከሥር ተቦርቡሮ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእጄ ሥራ ይሆናል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ክዳኑን እንዳልከፍት ብለሻል፣ አልከፈትኩም። ስለዚህ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳሁ በባልዲ አመላልሳለሁ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ደግሞ ሲመሽ። ባለ ሱቋ አይታኝ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ካለች ነገሩ ጠንቷል ማለት ነው። ባልዲው ስንት ሰዓት እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ስደፋው አፈሩ ወዲያው ይጠጣዋል። ምን ላድርግ? ቶሎ መልሽልኝ። ስለ አክስትሽ ስትይ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ጉባኤ ላይ ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት።

የውሃ ከፍታ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ እርስዎ ጥፋት አለብኝ ብለው አይጨነቁ። ግድቡን ለመንካት ባይቸኩሉ እመርጣለሁ። ክዳኑንም እንዳልኩዎ ዝግ ያድርጉት። መለካቱን ግን በፍጹም እንዳያቋርጡ፤ አሁን ያለው ጊዜ ለሥራው ከሁሉም ይበልጣል። በተለይ ቁጥር አንድ መቼ መቼ እንደምትቀንስ ቀኑን ይጻፉልኝ።

ስለ ባልዲው፣ ራስዎን አያድክሙ።

ፎቶ ልኬያለሁ። ጸጉሬን ተቆርጫለሁ፤ እንዳይደነግጡ።

ልጅዎ

ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለሚስቴ የእህት ልጅ፣

ፎቶሽን መስኮቱ ሥር አቁሜው ነበር። አሁን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ።

ክዳኑን ከፈትኩት። ቁልፉ ባለ ጃኬቱ ጋ ነው፤ ክዳኑን የሠራሁት ግን እኔ ስለሆንኩ ብሎኖቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ፈታኋቸው። መለኪያችሁን አልነካሁም፤ ስስ ነው ብለሻል። በደረቴ ተኝቼ እጄን እስከ ብብቴ ወደ ውሃው ሰደድኩና ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ዳበስኩ። ከታች ያለውን የመጨረሻውን ስነካ ጣቴ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ፣ ከዚያም ጎን ሌላ። ጭቃ ተመርጎባቸው ነበር፤ ጭቃው ግን ውሃ እንዳያልፍ ሳይሆን ዓይን እንዳያይ ያህል ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስቆርጥ ኖሬአለሁ። የበሰበሰ እንጨት ዙሪያው ይፈረፈራል፤ ነቀዝ የሠራው ቀዳዳም ይጣመማል። ይሄ ክብ ነው፤ ዳሩም ለስላሳ ነው። መሰርሰሪያ ነው።

ስመለስ ባለ ሱቋ መንገድ ላይ ቆማ እጅጌዬ እንደራሰ አይታ «ምን አገኙ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ለሷ የዋሸሁት ለአንቺ ብዬ ነው፤ ምናልባት ሳታውቂ ይሆናል፣ ምናልባት ባለ ጃኬቱ የራሱን ሥራ ሠርቶ ይሆናል ብዬ።

ሌባዋ ከውጭ በኩል የነበረችውም ሞታለች። ባልዲው አላዳናትም። የሚገርመው እኔ ውሃ በደፋሁበት በኩል ነው ቀድማ የጠቆረችው፤ በምትኳም ለምለም እሾህ በቀለ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ታውቂ ነበር?

አጎትሽ

ሚያዝያ 3 ቀን

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ይህንን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንዴት ሰነበቱ ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ግን እጠይቃለሁ። እንዴት ነዎት?

አውቅ ነበር። ለረዳቴ የነገርኩት እኔ ነኝ።

የጠፋ ነገር አሳዪን ሲሉኝ የሚጠፋ ነገር ያለው በአክስቴ ጎን ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ የሌለችው ሌባ፣ ሌላ ቦታ የሌለው ሽማግሌ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። የሷ ጎን ውሃ ሲወርድ ቀን በቀን የሚሆነውን ካላሳየሁ ሁለቱንም ጎን ቆርጠው ይወስዱታል። አንዱን ጎን ለጊዜው አጥቼ ሁሉንም ላድን ብዬ አሰብኩ። አሁን ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ደርሷል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም መሳቃቸውን ትተዋል። እስከ መስከረም ድረስ ውሃው እንደወረደ ከቆየ ማስረጃው ይሞላል፣ ረግረጉም ይከለላል። አሁን ሳንቃው ከተቀየረ ግን ሁሉም ከንቱ ይቀራል። ብነግርዎ እሺ እንደማይሉ አውቅ ነበር።

ሌላም አለ፤ ከሁሉም ይሄ ይከብደኛል። የጉድጓድ ውሃ ለሌባዋና ለትራሱ አይስማማቸውም። ከድንጋዩ የያዘው ነገር ለእሾህ ምግብ ነው፤ ለነሱ ግን መርዝ ነው። እነሱ የሚኖሩት በዝናብ ውሃ ነው። ባልዲ እያመላለስኩ ነው ብለው የጻፉልኝ ቀን ይህንን አውቅ ነበር። ልንገርዎ ብል ለምን ወረደ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።

ውሃው ሲመለስ ሽማግሌው ከአፈሩ ውስጥ ካለው ዘር ሊነሳ ይችላል። ትራሱም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ለሌባዋ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጋሼ፣ የትም ቦታ አንዲት እንኳ ተርፋ ይሆን? ካለች ዘሯን ይላኩልኝ፤ እዚህ አባዝቼ እመልሳታለሁ።

የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ያሳደጓት ልጅ

ሰኔ 1 ቀን

በቤቱ በኩል። ውሃው ከቀዩ ምልክት አንድ ክንድ ወርዷል። ቁጥር አንድ የለም። ቁጥር ሁለት ነጥቶ ደርቋል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ቁጥር ሦስት፣ ሁለት ራስ ብቻ። እሾህ በዝቷል። መንገድ ዳር የሚበቅለው ሁሉ መጥቷል።

ሰላምታ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሳንቃ ቆረጥኩ፤ ላግኩት፣ ልኩን አስተካከልኩት። በማግስቱ መዶሻ ይዤ ወደ መውጫው ወረድኩ። ባለ ሱቋ ከኋላዬ «ከማን ጋር ተጣልተው ነው?» እያለች ተከተለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ሳንቃውን ተሸክሜ ተመለስኩ፤ አሁን ከአልጋዬ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እስከ መስከረም እዚያው ይቆማል። ለአንቺ ብዬ አይደለም። አክስትሽ በመስኮት ስታየው የኖረችውን አፈር በአበባ ማሰሮ ተከፋፍሎ የሰው በረንዳ ላይ ሲቆም እንዳላይ ነው። መለካቱንም እቀጥላለሁ፤ በቁጥር እልክልሻለሁ፤ አንቺም ከዚያ ሌላ አትጠብቂ።

ብነግርዎ እሺ አይሉም ነበር ብለሻል። እውነት ነው፣ እሺ አልልም ነበር። ሰው የሚጠየቀው ለዚያ ነው፤ እሺም እንዲል፣ እምቢም እንዲል። ምናልባት ተቆጥቼ፣ ተሳድቤ፣ አንድ ክረምት አኩርፌ በመጨረሻ ራሴ ሳንቃውን አነሳልሽ ነበር። አሁን ይሄን ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ያንን ነው የወሰድሽብኝ።

ውሃውን ማውረድሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጊዜ ሲያልፍ ይቅር እል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ጉልበቴ እየወደቅኩ እየተነሳሁ በገዛ እጄ ሌባዋን መርዝ ሳጠጣት አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ። ራስዎን አያድክሙ አልሽኝ። አይግደሏት አላልሽኝም።

ሌባዋን ጠይቀሻል። አለች። ክዳኑን የፈታሁ ቀን እሷ ከሞተችበት ቦታ አንድ አካፋ አፈር ቆርጬ አነሳሁ፤ ባዶ እጄን መመለስ አቅቶኝ ነው። የማስቀምጥበት ባጣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ባለው የአክስትሽ ሳፋ ውስጥ ጣልኩት። በውስጡ የነበረው የዝናብ ውሃ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ዝናብ እንጂ ሌላ አልነካውም። ጉድጓድ ውሃ ያልጨመርኩበት አውቄ አይደለም፤ የሷን ዕቃ መንካት ስለማልደፍር ነው። ትናንት ሳልፍ አንድ ቀይ ነገር ታየኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ጥፍር የማታክል ናት። ጠሏን አንጠልጥላለች፤ አንድ ዝንብም ይዛለች።

ዘሯን አልልክልሽም። በመስከረም ሳንቃውን ራሴ እገጥማለሁ፤ ውሃው ቀዩ ምልክት ላይ ሲደርስ ራሴ እተክላታለሁ። ባለ ጃኬቱ ቁልፉን በፖስታ ይመልስ፤ መምጣት አያስፈልገውም። አንቺ በማስረጃሽ ላይ ቁጥር አንድ የለም ብለሽ ትጽፊያለሽ። እንደጻፍሽው ይቆይ።

የውሃ መውጫው ጠባቂ